ምዕራፍ 3 ውስጥ 2.5 ምን ይሠራል? በወርድ ላይ የሚዘበራረቅ የርዕስ ቁጥር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «140 ገጽ የሚሆን ጽሑፍ በማይክሮሶፍት ወርድ እያዘጋጀሁ ነው። ምዕራፎቹ በትክክል 1፣ 2፣ 3 ይላሉ። ንዑስ ርዕሶቹ ግን ተዘበራርቀዋል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ 3.1 ማለት ሲገባው 2.5 ይላል። በራይት ክሊክ ገብቼ እንደገና ከ1 ጀምር ስለው ያኛው ይስተካከልና ሌላ ቦታ ይበላሻል። አንዳንዴ ሴቭ አድርጌ ዘግቼው ስከፍት የድሮው ስህተት ተመልሶ ይጠብቀኛል። ትናንት ደግሞ ጭራሽ ሁለት ቁጥሮች ወደ ጥቁር ሳጥን ተቀየሩ። በእጄ ጽፌው ልገላገል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አይጻፉት፤ አይገላገሉም። ዛሬ ሰላም ያገኛሉ። ነገ መሀል ላይ አንድ ንዑስ ርዕስ ሲጨምሩ ግን ከሥሩ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ሊያርሙ ነው። «3.2ን ይመልከቱ» ያሏቸውን ቦታዎችም ማስታወስ ይኖርብዎታል። በ140 ገጽ ውስጥ ይህን የሚያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም።

ደግነቱ ያነሷቸው ነገሮች፣ ከጥቁሩ ሳጥን በስተቀር፣ ምንጫቸው ተቀራራቢ ነው። ለማስተካከል አንድ ሰዓት ቢፈጅብዎ ነው። ግን ቁልፍ ከመነካካታችን በፊት ወርድ እንዴት እንደሚቆጥር ልንገርዎ። እሱን ካልተረዱ የምነግርዎት ሁሉ ለዛሬ ብቻ ይሆናል።

ስክሪኑ ላይ የሚያዩት 2.5 ጽሑፍ አይደለም። ማረጋገጥ ከፈለጉ ኮንትሮልና ኤፍን ተጭነው 2.5 ብለው ይፈልጉ። ማውጫው ውስጥ ወይም በእጅ የተጻፈ ቦታ ላይ ሊያገኘው ይችላል፤ ርዕሱ ላይ ያለውን ግን አያገኘውም። እዚያ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ነው። ርዕሱ የያዘው ሁለት መረጃ ብቻ ነው፦ የየትኛው ዝርዝር አባል እንደሆነ፣ በዚያ ዝርዝር ውስጥም ስንተኛው ደረጃ ላይ እንዳለ። የቀረውን ወርድ ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ራሱ ይሞላዋል።

አሁን የእርስዎን ሦስተኛ ምዕራፍ ይውሰዱ። የምዕራፉ ርዕስ «3» ይላል። ለዓይን ምንም ችግር የለበትም። ነገር ግን ያ 3 በሌላ ዝርዝር ውስጥ ያለ 3 ሊሆን ይችላል፤ አለያም አንድ ሰው በእጁ የጻፈው 3። ንዑስ ርዕሶቹን የሚቆጥረው ዝርዝር አዲስ ምዕራፍ መምጣቱን አላየም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ 2.4 ብሎ ነበር ያቆመው፤ ስለዚህ 2.5 ብሎ ይቀጥላል። በሁለት መዝገብ ስም እንደሚጠራበት ክፍል ነው። አንዱ መዝገብ ላይ የተመዘገበውን ተማሪ ሌላው አያውቀውም። ወርድ አልተሳሳተም ማለት ነው፤ የተሰጠውን መዝገብ በትክክል አንብቧል።

ይህን በዓይንዎ የሚያዩበት ቀላል መንገድ አለ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይሂዱና 2.1 የሚለውን ቁጥር ራሱን አንድ ጊዜ ክሊክ ያድርጉ። ርዕሱን አይደለም፣ ቁጥሩን። ግራጫ ይሆናል። አሁን ሳይነኩት ወደ ታች በማውዝ ያሸብልሉ። የዚያው ዝርዝር አባል የሆኑና እዚያው ደረጃ ላይ ያሉ ቁጥሮች ሁሉ አብረው ግራጫ ሆነዋል። ግራጫ ያልሆነ ንዑስ ርዕስ ካገኙ እሱ የሌላ ዝርዝር ልጅ ነው። ለምዕራፎቹም እንዲሁ ያድርጉ፦ የምዕራፍ 1ን ቁጥር ክሊክ ያድርጉና 3ኛው ግራጫ መሆን አለመሆኑን ይዩ። ክሊክ ሲያደርጉት ጠቋሚው ከቁጥሩ በፊት ገብቶ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ያ ቁጥር በእጅ የተጻፈ ነው። እኔ የተበላሸ ሰነድ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በሽታው የት እንዳለ ግን ይነግረኛል።

የበለጠ ማየት ለሚወድ ሌላም መንገድ አለ። ዶክስ (.docx) የሚባለው የወርድ ፋይል ዓይነት በውስጡ ዚፕ ነው። የፋይልዎን ኮፒ ወስደው የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቢቀይሩት ይከፈታል። ውስጡ ወርድ የሚል ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ነምበሪንግ የሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል ያገኛሉ። ዝርዝሮቹ ሁሉ የተመዘገቡት እዚያ ነው። ከብዙ ሰው እጅ ያለፈ ሰነድ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ዝርዝር ተከማችቶ አይቻለሁ። ማንም ሆን ብሎ አልፈጠራቸውም። እዚህ ፋይል ውስጥ ግን ምንም አይንኩ፤ አይቶ መውጣት ነው።

ያ ሁሉ ዝርዝር ከየት ይመጣል? ዋናው ምንጭ እርስዎም የተጠቀሙበት መድኃኒት ነው። በራይት ክሊክ እንደገና ከ1 ጀምር ባሉ ቁጥር ወርድ ያንን ቁጥር ብቻ አያርምም። ከዚያ ቦታ ጀምሮ አዲስ ቆጠራ ይከፍታል፣ ለአዲሱም የራሱን መለያ ይሰጠዋል። አንድ ስህተት ለማረም አንድ ዝርዝር ጨመሩ ማለት ነው። ሌላ ቦታ የሚበላሽብዎት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ሆም በሚለው ትር ላይ ያለችው 1፣ 2፣ 3 የተጻፈባት ትንሽ የቁጥር ቁልፍ ናት። ለተራ ዝርዝር ጥሩ ናት። ለርዕስ ግን ጠላት ናት። ሦስተኛው ምንጭ ኮፒ ፔስት ነው። የሥራ ባልደረባዎ የጻፈውን ክፍል ከሱ ፋይል አምጥተው ሲለጥፉ ጽሑፉ የራሱን ዝርዝር ይዞ ሊመጣ ይችላል። መልኩ ከእርስዎ ጋር አንድ ስለሆነ አያስታውቅም።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ረጅም ሪፖርት እንዳስተካክል ተሰጠኝ። ማስረከቢያው በማግስቱ ነበር። ሠላሳ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ እያደረግሁ ቁጥሮቹን አስተካክዬ፣ ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ተኛሁ። ጠዋት አንድ ሰው «አንዲት አንቀጽ ብቻ እንጨምር» አለ። አንዲቷ አንቀጽ የራሷ ርዕስ ነበራት። ከሷ በታች ያለው ሁሉ ተተራመሰ። ያን ቀን በምሳ ሰዓት ከዚህ በታች የምጽፍልዎትን ነገር እየተራገምኩ ተማርኩት።

ነገሩ ይህ ነው፦ ቁጥሩን ቁጥሩ ላይ አያርሙት። ቁጥር ከዝርዝር ይመጣል፤ ዝርዝሩ ደግሞ መያያዝ ያለበት ከአንቀጾቹ ጋር ሳይሆን ከሄዲንግ ስታይሎቹ ጋር ነው፤ ሆም ትር ላይ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 እየተባሉ የተደረደሩት የተዘጋጁ የርዕስ ቅርጾች ማለት ነው። አንድ ሰነድ፣ ለርዕሶቹ አንድ ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ደረጃ ከአንድ ሄዲንግ ጋር የታሰረ። እንዲህ ከሆነ ሄዲንግ 2 ያሉት ነገር ሁሉ ያለ ምንም ተጨማሪ ትእዛዝ ቁጥሩን ያገኛል። የተሳሳተም እንደሆነ የሚታረመው አንድ ቦታ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርገው በሌላ ስም ያስቀምጡ። ይህን ዘለው የሚያልፉ ሰዎች አሉ፤ ቆይተው ይጸጸታሉ።

ከዚያ ርዕሶችዎ በእርግጥ ርዕስ መሆናቸውን ይዩ። ቪው ወደሚለው ትር ሄደው ናቪጌሽን ፔን የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። በግራ በኩል የርዕሶችዎ ዝርዝር ይመጣል። እዚያ ያልታየ ርዕስ በሄዲንግ ስታይል አልተጻፈም፤ ፊደሉን አጉልቶና አተልቆ ርዕስ ያስመሰለው ሰው አለ። ወርድ ትልቅና ደማቅ ፊደል ርዕስ ነው ብሎ አይገምትም። ጠቋሚውን እዚያ አንቀጽ ላይ አድርገው ሄዲንግ 1፣ 2 ወይም 3 የሚለውን ይስጡት። የኪቦርድ አቋራጩ ኮንትሮልና ኦልትን ይዞ 1፣ 2 ወይም 3ን መጫን ነው። በተቃራኒው ናቪጌሽን ፔኑ ውስጥ ባዶ መስመር ካዩም ልብ ይበሉ። ርዕሱ ሥር ኢንተር ሲመቱ ወይም ገጽ ሲቆርጡ የተፈጠረ ባዶ አንቀጽ የሄዲንግ ስታይል ይዞ ቀርቷል። ባዶ ቢሆንም ይቆጠራል። ከምዕራፍ 4 ወደ 6 የሚዘል ሰነድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ድብቅ ባዶ መስመር አለው።

ቀጥሎ በእጅ የተጻፉትን ቁጥሮች ያጥፉ። ርዕሱ መጀመሪያ ላይ የሚቀረው ቃሉ ብቻ ይሁን። ክፍተትና ታብም አይተዉ። ይህን ካላደረጉ መጨረሻ ላይ «3.1 3.1 መግቢያ» የሚል ነገር ያገኛሉ።

አሁን የተጣበቀባቸውን የድሮ ቁጥር ማላቀቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቁጥር ቁልፏን ተጭኖ ቁጥሩን ማጥፋት ማላቀቅ አይደለም። እንዲያ ሲያደርጉ አንቀጹ ላይ «ይህ ቁጥር የለውም» የሚል አዲስ ትእዛዝ ይጻፋል። በኋላ ስታይሉ ላይ ቁጥር ሲያስሩ ያ አንቀጽ እምቢ ይላል፤ ሰውየውም ለምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው። ሆም ላይ ባለው የስታይል ዝርዝር ሄዲንግ 2 የሚለውን ራይት ክሊክ ያድርጉና ሁሉንም ምረጥ የሚለውን ይጫኑ። ሄዲንግ 2 የሆኑት ሁሉ በአንዴ ይመረጣሉ። ከዚያ ኮንትሮልና ኪው። ይህ አቋራጭ በአንቀጹ ላይ በእጅ የተደረገውን ሁሉ አራግፎ አንቀጹን ወደ ስታይሉ ይመልሰዋል። ለሄዲንግ 1 እና 3ም ይድገሙት። መሀል ላይ አድርገውት የነበረ ርዕስ ወደ ዳር ቢሄድ አይደንግጡ፤ እሱን ስታይሉ ላይ ያስተካክሉታል።

አሁን ሰነዱ ንጹሕ ነው። ዝርዝሩን እንፍጠር።

ጠቋሚውን የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ ላይ ያድርጉ። ሆም ላይ ከተራዋ የቁጥር ቁልፍ አጠገብ ደረጃ ደረጃ ያለው ምልክት የያዘች ሌላ ቁልፍ አለች፤ መልቲሌቭል ሊስት ትባላለች። ስትከፈት ከታች በኩል ሁለት የሚመሳሰሉ ትእዛዞች አሉ። አንደኛው ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት፣ ሁለተኛው ዲፋይን ኒው ሊስት ስታይል ይላል። ሁለተኛውን ይምረጡ። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ወደ አንደኛው ነው፤ እሱም ይሠራል። ችግሩ ነገ ማሻሻያ ሲያስፈልግ ነው፤ ያኔ ተመልሰው ሲገቡበት ሌላ ዝርዝር የመፍጠር ዕድልዎ ሰፊ ነው። ሊስት ስታይል ግን ስም አለው። ስም ያለውን ነገር ፈልጎ ማግኘትና እሱኑ ማረም ይቻላል።

ስሙን «የርዕስ ቁጥር» ብለው ይስጡት። ከታች በግራ ፎርማት የሚለውን፣ ከዚያ ነምበሪንግ የሚለውን ይጫኑ። ዋናው መስኮት ይከፈታል። ሲከፈት ግማሹ ተደብቆ ነው፤ ከታች በግራ ሞር የሚለውን ሲጫኑ ሙሉ ይሆናል። ይህችን ቁልፍ ሳያይ ዓመታት የሠራ ሰው አውቃለሁ። አስፈላጊው ነገር ሁሉ እሷ ውስጥ ነው።

በግራ ጠርዝ ከ1 እስከ 9 ደረጃዎች ተደርድረዋል። 1ን ይምረጡ። በቀኝ በኩል ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል የሚል ቦታ አለ፤ ሄዲንግ 1ን ይስጡት። 2ን ይምረጡ፣ ሄዲንግ 2ን ይስጡት። 3ንም እንዲሁ። ቋጠሮው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማስዋብ ነው ለማለት ይቻላል፤ አንድ ነገር ሲቀር።

እሱም ቁጥሩ የሚጻፍበት ሳጥን ነው። ደረጃ 1 ላይ ሳሉ ሳጥኑ ውስጥ 1 የሚል ታያላችሁ፤ ጀርባው ግራጫ ነው። ግራጫው ትርጉም አለው። ግራጫ የሆነው 1 ሕያው ነው፤ ወርድ እየቆጠረ የሚቀይረው እሱን ነው። ግራጫ ያልሆነው ተራ ጽሑፍ ነው፤ እንዳለ ይደገማል። «ምዕራፍ 1» እንዲል ከፈለጉ ከግራጫው 1 በፊት ጠቋሚውን አድርገው ምዕራፍ ብለው ይጻፉና ክፍተት ይተዉ። ግራጫውን እንዳያጠፉት። አጥፍተው በኪቦርድ 1 ብለው ከጻፉ ምዕራፎችዎ ሁሉ «ምዕራፍ 1» ይላሉ፣ እስከ መጨረሻው። «ሁሉም አንድ ሆነብኝ» የሚል ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ግራጫ ነው ወይ ብዬ ነው። ካጠፉትም ችግር የለም፤ ከሳጥኑ ሥር ካለው የቁጥር ዓይነት መምረጫ 1፣ 2፣ 3 የሚለውን ሲመርጡ ሕያው ቁጥር ተመልሶ ይገባል።

ደረጃ 2 ላይ ሁለት ሕያው ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፦ የምዕራፉና የራሱ። ሳጥኑን ባዶ ያድርጉት። ኢንክሉድ ሌቭል ነምበር ፍሮም ከሚለው ደረጃ 1ን ይምረጡ፤ አንድ ግራጫ ቁጥር ይገባል። ነጥብ በኪቦርድ ይጻፉ። ከዚያ ከቁጥር ዓይነት መምረጫው 1፣ 2፣ 3ን ይምረጡ፤ ሁለተኛው ግራጫ ይገባል። «1.1» ሆነ። ምዕራፍ የሚለው ቃል ወደዚህ አይከተልም፤ የሚመጣው ቁጥሩ ብቻ ነው። ደረጃ 3 ላይ በዚሁ መንገድ መጀመሪያ ደረጃ 1ን፣ ነጥብ፣ ደረጃ 2ን፣ ነጥብ፣ ከዚያ የራሱን።

አሁን በቀኝ በኩል ሪስታርት ሊስት አፍተር የሚለውን ይዩ። ደረጃ 2 ላይ ምልክት ተደርጎበት ሌቭል 1 ማለት አለበት። ትርጉሙ «አዲስ ምዕራፍ በመጣ ቁጥር ከ1 ጀምር» ነው። ይህ ምልክት ከጠፋ ሦስተኛው ምዕራፍ 3.1 ሳይሆን 3.5 ብሎ ይጀምራል። ከእርስዎ ችግር ጋር ይመሳሰላል ግን አይደለም። እርስዎ ጋር የመጀመሪያው አሃዝም ስህተት ነው፤ 2 ይላል። የፊተኛው አሃዝ ከተሳሳተ ምዕራፉ ሌላ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። የፊተኛው ልክ ሆኖ የኋለኛው ብቻ ካልተመለሰ ይህች ምልክት ናት። ይህን ልዩነት ይያዙት፤ ብዙ ፍለጋ ያድናል።

ምዕራፎቹን በሮማ ቁጥር፣ ንዑስ ርዕሶቹን በተራ አሃዝ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ደረጃ 2 ላይ የሮማው ቁጥርና አሃዙ ተደባልቀው ይመጡበታል። እዚያው መስኮት ላይ ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ የሚል ምልክት አለ። ደረጃ 2 ላይ ሲያደርጉበት የምዕራፉ ቁጥርም እዚያ ብቻ አሃዝ ይሆናል። ምዕራፉ ርዕስ ላይ ያለው አይነካም።

ኦኬ ብለው ይውጡ። ርዕሶቹ ሁሉ ቁጥራቸውን ይዘው ይጠብቁዎታል። አሁን ያቺን የግራጫ ፈተና ይድገሙ። የምዕራፍ 1ን ቁጥር ክሊክ ያድርጉ፤ ሁሉም ምዕራፎች አብረው ግራጫ መሆን አለባቸው። ያልሆነ ካለ እዚያ አንቀጽ ላይ ሄደው ኮንትሮልና ኪው ይበሉት። ርዕስን ወደ ንዑስ ርዕስ ዝቅ ማድረግ ሲፈልጉ ኦልትና ሺፍትን ይዘው የቀኝ ቀስት፣ ከፍ ለማድረግ የግራ ቀስት። ስታይሉ ይቀየራል፣ ቁጥሩም ይከተላል። ዝርዝሩን ማሻሻል ሲያምርዎ መጀመሪያ ጠቋሚውን አንድ የምዕራፍ ርዕስ ላይ ያድርጉ፤ ከዚያ መልቲሌቭል ሊስትን ከፍተው ሊስት ስታይልስ በሚለው ሥር የእርስዎን ራይት ክሊክ አድርገው ሞዲፋይ ይበሉ። በሌላ በር አይግቡ።

ስለ ርዕሱ ገባ ወጣ ማለት አንድ ነገር። በቁጥሩና በርዕሱ መካከል ያለውን ርቀት ከላይ ያለውን ማስመሪያ እየጎተቱ አያስተካክሉ። ያም በእጅ የተለጠፈ ትእዛዝ ይሆናል፤ ርቀቱ የሚወሰነው እዚያው የዝርዝሩ መስኮት ውስጥ ነው። 10.12.3 የመሰለ ረጅም ቁጥር ሲመጣ ርዕሱ በድንገት ወደ ቀኝ ዘሎ የሚሄደውም ቁጥሩ ከተሰጠው ቦታ ስለሚያልፍና ታቡ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ስለሚወስደው ነው። ቦታውን ያስፉለት፤ ወይም ፎሎው ነምበር ዊዝ የሚለውን ከታብ ወደ ስፔስ ይቀይሩት። እኔ ስፔስን እመርጣለሁ።

የቁጥሩ ቀለም ወይም ድምቀት ከርዕሱ የተለየ ከሆነ ደግሞ የአንቀጹን መጨረሻ ምልክት ይዩ። ኮንትሮልና ሺፍትን ይዘው 8ን ሲጫኑ የተደበቁት ምልክቶች ይታያሉ። ቁጥሩ መልኩን የሚወስደው ከዚያ ከመጨረሻው ምልክት ነው። ርዕሱን በሙሉ ጥቁር አድርገው ምልክቱ ቀይ ሆኖ ከቀረ ቁጥሩ ቀይ ይሆናል። ምልክቱን ብቻ መርጠው ኮንትሮልና ስፔስ ይበሉት።

ወደ ጥቁሩ ሳጥን እንምጣ። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ወርድ ለረጅም ጊዜ ይዞት የቆየ የታወቀ ችግር ነው፤ የዝርዝሩ የቁጥር ቅርጽ ውስጥ ያለው መረጃ ሲበላሽ ይከሰታል። ለጊዜው የሚያነሳው ዘዴ ይህ ነው። ጠቋሚውን ከሳጥኑ በስተቀኝ፣ ከርዕሱ የመጀመሪያ ፊደል ፊት ያድርጉ። የግራ ቀስትን ሳጥኑ ግራጫ እስኪሆን ይጫኑ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ። አፕላይ ስታይልስ የሚል ትንሽ መስኮት ይወጣል፤ ሪአፕላይ የሚለውን ይጫኑ። ቁጥሩ ይመለሳል። ሰነዱን ዘግተው ሲከፍቱ እንደገና ከመጣ ዝርዝሩ ራሱ ተበክሏል፤ ከላይ እንደነገርኩዎት አዲስ ሊስት ስታይል መፍጠር ይሻላል። አዲሱን ስለሚሠሩ ምናልባት ሳጥኖቹ አብረው ይሄዱልዎታል።

ሴቭ አድርገው ሲከፍቱ የድሮው ስህተት የሚመለሰውስ? ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው ቴምፕሌቱ ነው፤ ሰነዱ ቅርጹን የሚወስድበት መነሻ ፋይል ማለት ነው። ሰነዱ ከአንድ ቴምፕሌት ጋር ተያይዞ፣ ዴቨሎፐር በሚለው ትር ዶኩመንት ቴምፕሌት ውስጥ ስታይሎቹ በራሳቸው እንዲታደሱ ምልክት ከተደረገ፣ ሰነዱ በተከፈተ ቁጥር የቴምፕሌቱ ስታይሎች በእርስዎ ላይ ይገለበጣሉ። የለፉበት ሁሉ ይጠፋል። ምልክቱን ያንሱት። ዴቨሎፐር የሚለው ትር ከሌለ በኦፕሽንስ ውስጥ ሪበኑን ማስተካከያ ላይ ይከፈታል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ስታይሉ ራሱ ነው። ሄዲንግ 2ን ራይት ክሊክ አድርገው ሞዲፋይ ሲሉ ከታች ኦቶማቲካሊ አፕዴት የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ካለበት አንዷን ርዕስ ሲነኩ ሁሉም አብረው ይነካሉ። ለርዕስ ስታይል ይህ ምልክት መኖር የለበትም ባይ ነኝ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም አልተበላሸም፤ ማውጫው ነው ያረጀው። ማውጫውና መጠቆሚያዎቹ በራሳቸው አይታደሱም። ኮንትሮልና ኤ ብለው ሁሉን መርጠው ኤፍ 9ን ይጫኑ። ማውጫው ሲጠይቅዎ የገጽ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን አድስ ይበሉት። «3.2ን ይመልከቱ» የሚሉትንም በእጅ አይጻፉ፤ ሪፈረንስስ ውስጥ ክሮስ ሪፈረንስ ከሚለው የርዕስ ቁጥሩን መርጠው ያስገቡ። ርዕሱ ቦታ ሲቀይር በኤፍ 9 አብሮ ይቀየራል። ርዕሱ ከጠፋም ስህተት መኖሩን በትልቁ ይነግርዎታል። በእጅ የተጻፈ ግን ዝም ብሎ ይዋሻል።

ትራክ ቼንጅስ፣ ማለትም ለውጦችን እየመዘገበ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ክፍት ከሆነም ይጠንቀቁ። የሰረዙት ርዕስ ስረዛው እስኪጸድቅ ድረስ ሰነዱ ውስጥ አለ፤ ሊቆጠርም ይችላል። ቁጥር የዘለለ ሲመስልዎ መጀመሪያ ለውጦቹን ያጽድቁና ይዩ።

ከባልደረባ የመጣ ጽሑፍ ሲለጥፉ ጽሑፉን ብቻ የሚለውን የመለጠፊያ ምርጫ ይጠቀሙ፤ ከዚያ ለርዕሶቹ ሄዲንጋቸውን ራስዎ ይስጡ። ትንሽ ያደክማል። ግን ሌላ ዝርዝር ሰተት ብሎ የሚገባበት ትልቁ በር ይኸው ነው። ጽሑፉ ረጅም ከሆነና ቅርጹን መተው ካልቻሉ፣ በኦፕሽንስ አድቫንስድ ውስጥ በሰነዶች መካከል ሲለጠፍ ስታይሎች ከተጋጩ የተቀባዩን ሰነድ ተጠቀም የሚለውን ይምረጡ። ከለጠፉ በኋላ ደግሞ የግራጫውን ፈተና ያድርጉ።

አባሪ ካለዎት ለብቻው ሌላ ዝርዝር አይክፈቱ። ብልሃት አለ። ዝርዝሩ 9 ደረጃ አለው፤ እርስዎ የሚጠቀሙት ሦስቱን ነው። ደረጃ 7ን ከሄዲንግ 7 ጋር አስረው ቁጥሩን «አባሪ 1» እንዲል ያድርጉት፣ ሪስታርት የሚለውን ምልክት ያንሱለት። አባሪዎቹ በራሳቸው ይቆጠራሉ። ማውጫው ውስጥ እንዲገቡ ግን የማውጫው ምርጫ ላይ ሄዲንግ 7 እንደ ደረጃ 1 እንዲቆጠር መንገር ያስፈልጋል።

በሊብሬኦፊስ ራይተር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሁሉ ጣጣ ባነሰ ድካም ያልፉታል። እዚያ የርዕስ ቁጥር ከቱልስ ሜኑ ሥር ለብቻው መስኮት አለው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፣ ደረጃን ከስታይል ጋር ማሰር።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ሦስተኛው ምዕራፍ 2.5 ካለ፣ የምዕራፍ 3ን ርዕስ ራሱን ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ ለማሳመር ሲባል ቴክስት ቦክስ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ እዚያ ያለ ርዕስ ከዋናው ጽሑፍ ጋር በሚጠብቁት ቅደም ተከተል ላይቆጠር ይችላል። አውጥተው በተራ አንቀጽ ላይ ያስቀምጡትና የፈለጉትን ጌጥ ስታይሉ ላይ ይስጡት። እሱም ካልሆነ አዲስ ባዶ ሰነድ ይክፈቱ። ከድሮው ላይ ሁሉንም ይምረጡና ሺፍትን ይዘው የግራ ቀስትን አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ የመጨረሻዋ የአንቀጽ ምልክት ከምርጫው ትወጣለች። ከዚያ ኮፒ አድርገው ወደ አዲሱ ይለጥፉ። ሰነዱ ተሸክሞት የኖረው ብዙ ቆሻሻ ከዚያች ምልክት ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። ሊስት ስታይሉን አዲሱ ላይ እንደገና ይፍጠሩ፤ አሁን መንገዱን ስለሚያውቁት አሥር ደቂቃ አይፈጅብዎትም።